ጠያቂ፣ ተጠያቂና ተመልካች

በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የጥያቄና መልስ ውድድር የሚመለከት ሰው ሥራ ፈት ይመስላል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን ይህ ሰው በፍርድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው። ተወዳዳሪው ከመናገሩ በፊት እርሱ መልሱን ይናገራል፤ ተወዳዳሪው ሲቸኩል «ቆይ እንጂ!» ብሎ ይገሥጻል፤ ሲፈራም ይስቅበታል። በከሚሴ ወይም በባቲ አንድ ቤተ ሰብ ቡና አፍልቶ፣ ከአቦሉ እስከ በረካው ድረስ እንዲህ ያለውን ውድድር ሲከታተል ቢታይ፣ ልማዱን ከባሕር ማዶ እንደ መጣ አዲስ ነገር መቁጠር አይገባም። መሣሪያው አዲስ ነው፤ ተመልካቹ ግን የቆየ ትምህርት አለው።

የዚህ ትምህርት ፊደል እንቆቅልሽ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋበት እንደ ሆነም «አገር ስጠኝ» ይባላል። በከሚሴ አካባቢ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ ስለሚነገሩ ጨዋታው በሁለት ስም ይታወቃል፤ በኦሮምኛ «ሂቦ» ይሉታል። ብልኅ ልጅ የሚለየው ብዙ መልስ በማወቁ ብቻ አይደለም። መቼ አገር ሰጥቶ እንደሚገላገል፣ መቼም ነገሩን እንደሚያጓትት ያውቃል። ያለ ጊዜው አገር የሰጠ መልሱን ሲሰማ ይቆጨዋል፤ እጅግ የዘገየም መሳቂያ ይሆናል።

ከፍተኛው ትምህርት ቤት ደግሞ የሙግት አደባባይ ነበር። በላ ልበልሃ በሚባለው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው፣ ነጠላቸውን እንደ ወጉ አጣፍተው፣ በንጉሥ ስም እየማሉ አንዱ ሌላውን በጥያቄ ያጠምደው ነበር። ተሟጋቹ በቃሉ መጽናቱን ለማሳየት ይወራረዳል፤ አንዱ ማር ሲል ሌላው ፈረስ፣ ያኛው ደግሞ በቅሎ ይላል። የተረታው ውርርዱን ይከፍላል፤ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ ለዳኛው ይገባ ነበርና ነገሩ ሲረዝም ዳኛው የሚጎዳ አልነበረም። (የዛሬዎቹ የማስታወቂያ ባለቤቶችም ውድድሩ ሲረዝም አያዝኑም።)

ተመልካቹ የሚመጣው ዕውነቱ ከማን ጋር እንደሆነ ለማወቅ ብቻ አልነበረም። ይልቁንም ጠያቂው እንዴት ከሩቅ እንደሚጀምር፣ ተጠያቂውን «አዎን» እያሰኘ እንዴት ወደ ገደሉ አፋፍ እንደሚያደርሰው፣ ተጠያቂውም ወጥመዱን አይቶ እንዴት በምሳሌ እንደሚያመልጥ ለማየት ይሰበሰብ ነበር። ውርርዱን ከፍ ማድረግም ራሱን የቻለ ዘዴ ነበር፤ ማስረጃው የሳሳ ሰው በቅሎ ሲጠራበት ደፋር ባላጋራውን አይቶ ሊያፈገፍግ ይችላል። በዚህ አደባባይ ዘንድ አንድ ትልቅ ነገር ነበረ፤ ተመልካቹ ቅርብ ነው። በመንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አላፊ አግዳሚውን በንጉሥ ስም አቁመው «ዳኘን» ሲሉት መንገደኛው ያለ ሹመት ዳኛ ይሆን ነበር። ስለዚህ ጆሮውን ሰጥቶ የሚያዳምጥ ሁሉ ነገ ፍረድ ሊባል እንደሚችል ያውቃል። (በወሎ አበጋር በሚባሉት ሽማግሌዎች ፊት የሚታየው ጉዳይ ግን ዓላማው መርታት ሳይሆን ማስታረቅ ነውና ከዚህ ይለያል።) ይህ የሙግት ወግ በተጻፈ ሕግ እየተተካ ሄዶ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲታወጅ ከችሎት ወጣ፤ ከሰው ጆሮ ግን አልወጣም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የሚያልፍ ስላልነበረ የከሚሴ ሰው ገና ብዙ መጠበቅ ነበረበት። ዕለቱ በአውሮጳ አቆጣጠር ኖቬምበር 2 ቀን 1964 ነበር። ከዚያ ልክ አምስት ዓመት በፊት፣ በኖቬምበር 2 ቀን 1959፣ ቻርልስ ቫን ዶረን የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ ቴሌቪዥን ውድድር ኑዛዜ አደረገ።

ውድድሩ «ሃያ አንድ» ይባል ነበር። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ በማይሰማበት በመስተዋት ክፍል ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 11 ነጥብ ካላቸው ጥያቄዎች የሚደፍረውን ይመርጣል፤ ሃያ አንድ ነጥብ ለመድረስ ይሽቀዳደማል። የሳተ ነጥብ ይቀነስበታል። እንግዲህ ትንሹን መርጦ በዝግታ መሄድ ወይስ ትልቁን ደፍሮ ባንዴ መርታት? ተመልካቹ በዚህ ተይዞ የተወዳዳሪውን የግንባር ላብ ሲቈጥር ያመሽ ነበር። በ1956 መጨረሻ ኸርበርት ስቴምፕል የተባለው ባለ ድል የ1955 ምርጥ ፊልም ማን እንደ ነበረ ተጠይቆ ተሳሳተ። መልሱ «ማርቲ» ነበር፤ ስቴምፕልም አሳምሮ ያውቀዋል። የተሳሳተው አዘጋጁ እንዲሳሳት ስላዘዘው ነው። በእርሱ እግር የተተካው ቫን ዶረን ጥያቄዎቹ አስቀድመው እየተነገሩት 129,000 ዶላር አገኘ። ላቡም፣ ዝምታውም፣ ከንፈር መንከሱም የተጠና ነበር። በ1960 እንዲህ ያለው ማታለል በሕግ ተከለከለ። በአደባባይ ሙግት የሐሰት ምስክር ቢቆም ባላጋራው እዚያው ይጠይቀዋል፤ በቴሌቪዥን ግን ተመልካቹ የሚያየው ያሳዩትን ብቻ ነው።

ይሁንና በትዕግሥት የሚመለከት ሰው አንዳንድ ጊዜ ከአሳዪው ይቀድማል። የኦሃዮው ማይክል ላርሰን በቤቱ ቁጭ ብሎ አንድ የዕድል ውድድር በቪዲዮ እየቀዳ መረመረ፤ እንዲያው በዘፈቀደ የሚበሩ የሚመስሉት መብራቶች በአምስት ዓይነት ሥርዓት ብቻ እንደሚዞሩ ደረሰበት። በ1984 ራሱ ቀርቦ 110,237 ዶላር ወሰደ። አዘጋጆቹ ቢመረምሩም የጣሰው ደንብ ስላልነበረ ከፈሉት። እኔ ይህን ሰው ከአጭበርባሪ አልቈጥረውም፤ በቅርብ እንደሚመለከት የሙግት ታዳሚ አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

በአገራችን ነፃነት ወርቅነህ በኢ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ያቀረበው «የቤተሰብ ጨዋታ» ግን ሌላ ዓይነት ዘዴ ይጠይቃል። አሠራሩ የተወሰደው በ1976 በአሜሪካ ከተጀመረው ውድድር ነው። በዚህ ጨዋታ ትክክለኛው መልስ ዕውነተኛው መልስ አይደለም፤ አስቀድመው የተጠየቁት ሰዎች አብዝተው የሰጡት መልስ ነው። ሊቅ ሰው እዚህ ሊረታ ይችላል፤ የጎረቤቱን ልብ የሚያውቅ ግን ይረታል።

እዚህ ላይ ከሚሴና አካባቢዋ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ የተጠየቁት ሰዎች የየት አገር ሰዎች ናቸው? «ገበያ የሚቆመው በምን ቀን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብ የባቲ ሰው ሰኞ ይላል፤ የባቲን የሰኞ ገበያ የማያውቅ በዚያ አገር የለምና። የሰንበቴ ሰው እሑድ ይላል። ቅዳሜ ገበያ በሚቆምበት ከተማ የተጠየቀ ሁሉ ደግሞ ቅዳሜ ይላል፤ በሰሌዳውም ላይ ቀድሞ የሚታየው ይኸው ይሆናል። የባቲ ተወዳዳሪ ለመርታት የራሱን ሰኞ በልቡ ይዞ በአፉ ቅዳሜ ማለት አለበት። በእንቆቅልሽ አገር የሚሰጠው መልሱ የጠፋበት ነበር፤ በዚህኛው ግን መልሱን እያወቀም አገሩን የሚሰጥ አለ።

ጥያቄውም የሚቀርበው በአማርኛ ነው። ኦሮምኛ ብቻ የምትሰማ አያት ባለችበት ቤት አንድ ልጅ ጥያቄውን ወደ ቋንቋዋ ይመልስላታል። እርሷም ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ ሰሌዳው ላይ ይኑርም አይኑር፣ ለእርሷ አገር የሚስማማውን መልስ ትሰጣለች። በዚያን ጊዜ ደወሉ ተደውሏል፤ አቅራቢውም ወደ ሌላው ቤተ ሰብ ዞሯል።