የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒዩተር ማረም፡ ፋንሲዳር ለምን ከሸፈ?

በጋሞ ዞን ጨንቻና አካባቢው ደጋ በመሆኑ ወባ እምብዛም አያስቸግረውም። ከታች በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ባለው ቆላ፣ በአርባ ምንጭ ከተማና በሙዝ እርሻዎቹ ግን ወባ የኖረ በሽታ ነው። የዕድሜ እኩዮቼ ፋንሲዳር የሚባለውን መድኃኒት ያስታውሱታል። አዋቂ ሰው ሦስት ፍሬ በአንድ ጊዜ ይውጥ ነበር። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 በክሎሮኪን ምትክ ለፋልሲፓረም ወባ ተመራጭ ሆኖ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ እየከሸፈ በመምጣቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በኮአርተም ተተካ።

መድኃኒቱ መክሸፉ ከበሽተኛው ደም ምርመራ ይታወቃል። ለምን እንደከሸፈ ለማወቅ ግን የወባውን ተሕዋስ ፕሮቲን በአተም ደረጃ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ይህ ምስል እንዴት እንደሚገኝ፣ በኮምፒዩተር ፕሮግራም እንዴት እንደሚታረምና ምን ያህል ልናምነው እንደሚገባ ነው።

ከክሪስታል እስከ ካርታ

ፕሮቲን በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን ከሌላው ነገር ለይተው እንደ ጨውና እንደ ስኳር ክሪስታል እንዲሠራ ያደርጉታል። ክሪስታሉ ላይ ራጅ ሲለቀቅበት ጨረሩ ይበተንና በመቀበያው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጠብጣቦች ይተዋል። የነጠብጣቦቹ ድምቀት ይለካል። አንዱ ሞገድ ከሌላው ምን ያህል እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ ግን አይመዘገብም፤ ይህ የጎደለው መረጃ በሌላ ዘዴ ይገመታል። ከሁለቱ ተነሥቶ ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሮኖች የት የት እንደተከማቹ የሚያሳይ ካርታ ያወጣል፤ ተመራማሪውም አተሞቹን በካርታው ውስጥ ይደረድራል።

እርማቱ እንዴት ይከናወናል?

የመጀመሪያው ድርደራ ሁልጊዜ ስሕተት አለበት። ፕሮግራሙ ከዚህ ሞዴል ተነሥቶ ነጠብጣቦቹ ምን መምሰል እንደነበረባቸው ያሰላል፣ ከተለካው ጋር ያወዳድራል፣ ልዩነቱ እንዲቀንስ አተሞቹን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል። የተሻለ ካርታ ይወጣል፤ ተመራማሪው ካርታውን እያየ በእጁ ያርማል፤ ፕሮግራሙም እንደገና ያሰላል። ይህ ዙር ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የተለካው መረጃ ብቻውን ስለማይበቃ በአተሞች መካከል ያለው ርቀትና ማዕዘን ከኬሚስትሪ የሚታወቀው ለፕሮግራሙ ልጓም ሆኖ ያገለግላል። ለስሌቱ ሬፍማክ፣ ፊኒክስና ሼልክስ የተባሉት ፕሮግራሞች የታወቁ ሲሆን፣ በእጅ ለማረም ብዙዎች ኩት የተባለውን ይጠቀማሉ።

በተለካውና በተሰላው መካከል ያለው ልዩነት አር ፋክተር በሚባል ቁጥር ይገለጻል። አተሞቹ በዘፈቀደ ቢበተኑ ቁጥሩ 59 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ጥሩ የፕሮቲን ሞዴል 20 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ነገር ግን ይህ ቁጥር ሊያታልል ይችላል። ሞዴሉን እያወሳሰቡ ከሄዱ ስሕተት የሆነውም ቢሆን ከመረጃው ጋር የተስማማ ሊመስል ይችላል። አክስል ብሩንገር የተባሉት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዚህ መላ አመጡ። ከነጠብጣቦቹ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ተለይተው ይቀመጣሉ፤ በእርማቱም አይገቡም። በመጨረሻ ሞዴሉ የሚመዘነው በእነዚህ ነው። መምህር በክፍል ያላሠራውን ጥያቄ በፈተና እንደሚያወጣ ማለት ነው፤ የሸመደደና የገባው ይለያሉ። ውጤቱ አር ፍሪ ይባላል።

ፕሮግራም ሲሳሳት

የፕሮግራም ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። አንድ የአሜሪካ ቤተ ሙከራ የራሱ ፕሮግራም ሁለት የመረጃ ዓምዶችን አቀያይሮበት የፕሮቲኖቹ ቅርጽ በመስተዋት እንደሚታይ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ወጣ። ሌላ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሳሳይ ፕሮቲንን ትክክለኛ ቅርጽ ሲያወጣ ጉዱ ታወቀ፤ አምስት የምርምር ጽሑፎችም ተሰረዙ። በእነዚያ ጽሑፎች ላይ ተመሥርተው ሲሠሩ የነበሩ ሌሎች ተመራማሪዎችም ድካማቸው ከንቱ ቀረ።

የፋንሲዳር ምሥጢር

ከፋንሲዳር ሁለት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፒሪሜታሚን የሚያጠቃው ዳይሃይድሮፎሌት ሪዳክቴዝ የተባለውን የተሕዋሱን ኢንዛይም ነው። ያለ እሱ ተሕዋሱ ዲኤንኤ ሠርቶ ሊራባ አይችልም። መድኃኒቱን በለመደው ወባ በዚህ ኢንዛይም 108ኛ ቦታ ላይ ሴሪን የነበረው አሚኖ አሲድ በአስፓራጂን እንደተተካ ከዘረመል ጥናት አስቀድሞ ታውቆ ነበር። እንዴት መድኃኒቱን እንደሚከለክል ግን በግልጽ የታየው ዮንግዩት ዩታቮንግ ያሉበት የታይላንድ ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 የኢንዛይሙን ቅርጽ ይፋ ሲያደርግ ነው።

አስፓራጂን ከሴሪን የሚበልጠው በጥቂት አተሞች ብቻ ነው። ሆኖም እነዚህ አተሞች ከፒሪሜታሚን ቀለበት ጋር ስለሚጋጩ መድኃኒቱ በቦታው በደንብ አይቀመጥም። ይህ ግጭት የሚለካው በአንግስትሮም ሲሆን አንድ አንግስትሮም የአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። እርማቱ ግድየለሽ ቢሆን ኖሮ ግጭቱ ባልታየ ነበር። በዚህ ቅርጽ ላይ ተመሥርቶ ግጭቱን እንዲያመልጥ የተነደፈው ፒ218 የተባለ ውሁድ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ሆኗል፤ ከዚያም በሰው ላይ ተሞክሯል።

ከአርባ ምንጭ ሆኖ ምን ይሠራል?

ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ኃይለኛ ራጅ የሚመነጭበት ሲንክሮትሮን በአፍሪካ የለም። የእርማቱ ሥራ ግን ተራ ኮምፒዩተር ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 በሰባት ቅርጾች የተጀመረው የፕሮቲን ዳታ ባንክ ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ይዟል፤ ሁሉም ያለ ክፍያ ይወርዳል። ከ2008 ጀምሮ በራጅ ቅርጽ ያወጣ ሁሉ የለካውን መረጃም ማስገባት ግዴታው ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ፕሮግራሞችም ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች በነፃ ይሰጣሉ። ስለዚህ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሌላውን ሰው መረጃ አውርዶ እርማቱን እንደገና መሥራት፣ ካርታውንም በዓይኑ ማየት ይችላል። መብራትና ኢንተርኔት ቢቆራረጥም ፋይሉ አንዴ ከወረደ ሥራው ያለ ኢንተርኔት ይቀጥላል።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የአርቴሚሲኒን ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከልች 13 በተባለው የወባ ፕሮቲን 622ኛ ቦታ ላይ ከአርቴሚሲኒን መላመድ ጋር የሚያያዝ ለውጥ መገኘቱን ገልጿል። የዚህ ፕሮቲን ቅርጽ በዳታ ባንኩ 4ዋይዋይ8 በሚል መለያ ተቀምጧል።

ለ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል የበቃውን አልፋፎልድ የሚያውቅ አንባቢ «ኮምፒዩተር ቅርጹን ከተነበየ ክሪስታል ለምን?» ይል ይሆናል። ትንበያው ለእርማቱ ጥሩ መነሻ ነው፤ ልኬት ግን አይደለም። በእኔ እምነት ማንኛውንም የፕሮቲን ምስል ስናይ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ አለብን፦ መረጃው ስንት አንግስትሮም ድረስ ያጠራል? አር ፍሪው ስንት ነው? የምንፈልገው አሚኖ አሲድ በካርታው ላይ በእርግጥ ይታያል? ለነዚህ መልስ የሌለው ምስል፣ ቀለሙ ቢያምርም፣ መድኃኒት አይነደፍበትም።