ሥዕል እንደ መምህር፤ ከላስታ አብያተ ክርስቲያናት እስከ ልዩ ፍላጎት ትምህርት

በላሊበላ ወደ ቤተ ማርያም የገባ ሰው ዐይኑ ጨለማውን እስኪላመድ ድረስ ጥቂት ቆሞ መጠበቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ቀለሙ የደበዘዘ ሥዕል ከወደ ላይ ይገለጥለታል፤ ሳምራዊቷ ሴት በውኃው ጉድጓድ አጠገብ ከጌታችን ጋር ስትነጋገር ያያል። በቤተ ጎልጎታም ቁመተ ሰው የሚያህሉ የቅዱሳን ቅርጾች ከዚያው ከዐለቱ ተፈልፍለው በግድግዳው ላይ ቆመዋል። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው በገነተ ማርያም ደግሞ ከ1270 እስከ 1285 የነገሡት ዐፄ ይኩኖ አምላክ ራሳቸው ተሥለው ይታያሉ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሁሉ የምናነሣው ስለ ጥንታዊ ሥነ ሕንፃ ለመጻፍ አይደለም፤ ስለዚያ ከእኛ የተሻሉ ሊቃውንት ጽፈዋል። ልናመለክት የፈለግነው አንድ ነገር ነው፤ የላስታ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ከመጽሐፍ ይልቅ በጆሮው ሰምቶና በዐይኑ አይቶ ተምሯል። የቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ እንኳ ሀ ሁን ሲቆጥር ስንደዶ ይዞ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ነበር። ድምፁ ይጠፋል፤ ስንደዶው የነካው ፊደል ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ዛሬ ኦቲዝም ያለባቸውንና ሌላ ተጨማሪ ድጋፍ የሚያሻቸውን ሕፃናት የሚያስተምሩ ሰዎች የሚመረኮዙት በዚሁ ባሕርይ ላይ ነው። ኦቲዝም በሕክምና ዓለም ተለይቶ የተገለጸው በ1943 ነው፤ በአሜሪካ በባልቲሞር ይሠራ የነበረው ሐኪም ሊዮ ካነር የ11 ሕፃናትን ጠባይ መርምሮ ጻፈ። በዓመቱ በቪየና ሐንስ አስፐርገር ተመሳሳይ ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ወደ ክፉ መንገድ ዞረ። የልጁ ዝምታ የእናቲቱ ፍቅር ከመቀዝቀዙ የመጣ ነው የሚል ሐሳብ በምሁራን ዘንድ ተስፋፋ፤ ብዙ እናቶችም ባላጠፉት ጥፋት አንገታቸውን ደፉ። በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ይህን በመጽሐፍ ተቃወመ፤ እርሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። እኛም አገር እናትን መውቀስ እንግዳ ነገር ስላልሆነ በፈረንጆቹ ለመሳቅ አንችልም። እርግማን ነው፣ የሰይጣን ሥራ ነው እየተባለ ልጁ ከእንግዳ ዐይን የሚደበቅበት ቤት እስከ ዛሬ አለ።

ኤሪክ ሾፕለር የተባለው ምሁር ወላጆችን ከሳሽ ፊት እንደ ቆሙ ወንጀለኞች ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረቦች ቆጠራቸው። በእርሱ መሪነት በ1972 በሰሜን ካሮላይና ግዛት የተቋቋመው ፕሮግራም የቀኑን ሥራ በሥዕል ከፋፍሎ በተራ መደርደርን አስፋፋ። አሠራሩ ቀላል ነው። መታጠብ፣ መብላት፣ መማር፣ መጫወት በየካርዱ ይሣላሉ፤ ካርዶቹም ከላይ ወደ ታች ይለጠፋሉ። ልጁ አንዱን ሲፈጽም ካርዱን አንሥቶ በሣጥን ውስጥ ይጥለዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም ያያል። በ1985 ደግሞ አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት የማይናገር ልጅ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል ለሰው በመስጠት እንዲጠይቅ የሚያደርግ ዘዴ አወጡ። ውኃ የሚፈልግ ልጅ የውኃውን ሥዕል ይሰጣል፤ ውኃውም ወዲያው ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት የሚጠይቅበት መንገድ ለቅሶና ጩኸት ብቻ ነበር፤ ይህም ብዙ ጊዜ ብልግና ተብሎ ያስገርፈው ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ ስማቸው መጀመሪያ የሚነሣው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። እኒህ እናት ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ የከፈቱት በር ግን አልተዘጋም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው በአዲስ አበባ ተከፍቷል። የትምህርት ሚኒስቴርም በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2012 አሻሽሎታል።

እንግዲህ ቤተ ማርያምና የትምህርት ቤቱ ካርድ አንድ ናቸው ማለታችን ነውን? አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ያለፈውን ይተርካል፤ ካርዱ ግን ገና የሚመጣውን ይናገራል። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚያስጨንቀውም ይኸው ያልታወቀው የሚመጣው ነገር ነው። ነገር ግን ሥዕል ለትምህርት መዋሉ ከውጭ የመጣ እንግዳ ፈሊጥ ነው ለሚሉን መምህራን የላስታን ግድግዳ ብናሳያቸው ያለ አግባብ አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ከውጭ አገር የታተመ ካርድ ሹካና የገላ መታጠቢያ ገንዳ ያሳያል። የላስታ ደጋ ልጅ የሚያውቀው እንጀራውን፣ ጄሪካኑንና ጋቢውን ስለሆነ ካርዱም እነዚህኑ መያዝ ይገባዋል። ሥዕል መሆኑን ገና ላልተረዳ ልጅ ደግሞ ዕቃው ራሱ ይሻላል፤ ኩባያውን ሲያሳዩት የመጠጫ ጊዜ መሆኑን ያውቃል።

በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ቀኑ ሁሉ በተለመደው ተራ ካልሄደ ለሚታወክ ልጅ የዚያ ዓይነት ወራት ምን ያህል እንደሚከብዱ መገመት አያዳግትም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ እንኳ እናቲቱ በቤቷ ልትሠራው የምትችለው ነገር አለ። የአሮጌ ካርቶን ቁራጭና ከሰል ካገኘች ሦስት ሥዕል ለመጀመሪያ ይበቃታል፤ ፊት መታጠብ፣ እንጀራ መብላት፣ በደጅ መጫወት። ልጁ የመጀመሪያውን ካርድ በራሱ እጅ እስኪያነሣ ድረስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።