ብረትና ቀጥቃጩ

በቀድሞ ዘመን ብዙ ሰዎች ብረት ክፉ መንፈስን ያርቃል ብለው ስለሚያምኑ በአራስ ራስጌ ቢላዋ ያኖሩ ነበር። ዳሩ ግን ያንኑ ቢላዋ የሠራውን ቀጥቃጭ «ቡዳ ነው» እያሉ ይሸሹት፥ በብዙ አገርም ርስት ይነፍጉት ነበር። አፈርና ድንጋይ አቅልጦ ብረት ማውጣቱ ምሥጢሩን ለማያውቅ ሰው አስማት ይመስለው ነበር። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፥ ወታደሩም ያለ ጦር አይዘምትም ነበር፤ ሁለቱም ግን ከቀጥቃጩ ጋራ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ተሳዳቢውም እንዲቀጣ አዘዙ። ይሁን እንጂ ስድቡ ከአፍ ቶሎ አልጠፋም፤ አዋጅ አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን አያርቅምና።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ማጭዱ የሚጠቅምህ ከሆነ፥ ማጭዱን የሠራልህ እጅ እንዴት ይጎዳሃል?