ነፊርና ደቦ፦ ጎርፍና ጦርነት የፈተኑት የጉርብትና ጉልበት

አል-ማንሺያ በምሥራቅ ካርቱም፣ በጥቁር ዓባይ ዳርቻ የሚገኝ ሰፈር ነው። በክረምት የወንዙን ሙላት የሚያመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ዝናብ ስለሆነ፣ በጎጃም የዘነበው ከቀናት በኋላ የካርቱምን ደጃፍ ያንኳኳል። ወንዙ ሲሞላ፣ መንግሥትም ሳይደርስ ሲቀር፣ ሕዝብ ክፉውን ቀን በምን ያልፈዋል የሚለው ጥያቄ በዚያ ዳርቻ ዘወትር አዲስ ነው።

የሱዳኖች ጥንታዊ መልስ ነፊር ነው። አዝመራ ለመሰብሰብ፣ ቤት ለመሥራት ወይም ጎርፍ ለመመከት ጎረቤት በአንድ ጥሪ የሚወጣበት ልማድ ሲሆን፣ ከእኛ ደቦ ጋር የሥጋ ዘመድ ያህል ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ1946 ዓባይ ከልክ በላይ በሞላ ጊዜ የቱቲ ደሴት ነዋሪዎች አፈር እየተሸከሙ ውሃውን መመከታቸው እስከ ዛሬ ይወሳል። በኦገስት 1988 ደግሞ በአንድ ቀን 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ካርቱም ላይ ወርዶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤት አልባ አደረገ።

በኦገስት 2013 ጎርፉ ሲመለስ ወጣቶች የጥንቱን ስም ይዘው «ነፊር» የተባለ የበጎ ፈቃድ እንቅስቃሴ አቋቋሙ። በ2020 የጥቁር ዓባይ ከፍታ በካርቱም ከ1946ቱም ከ1988ቱም ልቆ በመገኘቱ መንግሥት ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ያን ጊዜም በየዳርቻው አሸዋ በጆንያ እየሞላ የደረደረው የሰፈሩ ሰው ነበር።

ከባዱ ፈተና ግን ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በተነሣው ጦርነት መጣ። መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ፤ መብራትና ውሃ ተቋረጠ። ከ2018ቱ ሕዝባዊ አመፅ በፊት ጀምሮ በየሰፈሩ የተደራጁት ኮሚቴዎች ያወረሱት ትውውቅ «የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች» የተባሉትን አስገኘ። በጎ ፈቃደኞቹ «ተኪያ» በሚባለው የጋራ ማእድ ቤት ምግብ አበሰሉ፤ ሕሙማንን አስታመሙ። ከእነርሱም የታሰሩና የተገደሉ አሉ። በ2025 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲሰጣቸው የዓለም ዓይን ዘግይቶ ደረሰ። ሠራዊቱ የማንሺያን ድልድይ ጨምሮ ካርቱምን መልሶ የያዘው በማርች 2025 ነበር።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ድክመቱንም ያሳያል። የማእድ ቤቶቹ ገንዘብ ከውጭ አገር ዘመዶች በባንክ የስልክ መተግበሪያ ይላክ ስለነበር፣ በፌብሩዋሪ 2024 ኢንተርኔት ሲጠፋ ብዙ ድስቶች ከምድጃ ወረዱ። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥም እንዲሁ ሆነ። ልብ ለልብ የተገናኘ ሕዝብ እንኳ እህሉን ከሩቅ የሚጠብቅ ከሆነ በአንድ ሽቦ መቆረጥ ይራባል።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ተሞክሮ ተጓዳኝ ትምህርት ይሰጣል። በደቡብ ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1972 በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ መሬቱ ጠባብ ስለነበር በሽመና ራሱን ቻለ፤ አቅመ ደካሞቹንም በጋራ ይጦራል። እርሱም ቢሆን ጥበቡን ለጎረቤትና ለእንግዳ እየሸጠ እንጂ በሩን ዘግቶ አልኖረም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ካርቱም እንዳሳየችው ግን፣ ሸክሙን የሚካፈሉት ሃምሳ ሰዎች አስቀድሞ መተዋወቅ፣ ጎተራቸውንና ጉድጓዳቸውንም በደኅናው ቀን ማዘጋጀት አለባቸው።