የሥነ ወሲብ ትምህርት በስዊድን ትምህርት ቤቶች፦ የ1955ቱ ውሳኔ አመጣጥና ያስነሣው ክርክር

ስዊድን የሥነ ወሲብን ትምህርት በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ግዴታ በማድረግ ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው በ1955 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ውሳኔ በነቃፊዎቹ ዘንድ የልቅነት በር መከፈቻ፣ በአወዳሾቹ ዘንድ ደግሞ የነጻነት ድል ተደርጎ ሲነገር ቢኖርም፣ ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ሁለቱም አይደለም። ወደ ውሳኔው ያደረሱት የአባላዘር በሽታ ፍርሃትና የሕዝብ ቁጥር ያሽቆለቁላል የሚል ሥጋት ሲሆኑ፣ ትምህርቱም በመጀመሪያ መልኩ ጥብቅ ግብረ ገብን የሚያስተምር ነበር።

ጉዳዩን ቀድመው ወደ ክፍል ያስገቡት በ1888 በሕክምና የተመረቁት የመጀመሪያዋ ስዊድናዊት ሐኪም ካሮሊና ቪደርስትሮም ናቸው። እኚህ ሐኪም በልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ስለ ሰውነት አሠራርና ንጽሕና ሲያስተምሩ፣ ሴት ልጅን ከጉዳት የሚጠብቃት ዕውቀት እንጂ አለማወቅ አይደለም የሚል አቋም ነበራቸው። መንግሥት ግን በተቃራኒው መንገድ ሄደ። አንድ የሶሻሊስት ተናጋሪ በ1910 ስለ ወሊድ መከላከያ በአደባባይ ንግግር በማድረጉ የተቆጣው ምክር ቤት፣ በዚያው ዓመት መከላከያን ለሕዝብ ማስተዋወቅንና ስለ አጠቃቀሙ ማስተማርን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ ሽያጩን ራሱን ስላልከለከለ፣ ዕቃው እየተሸጠ ስለ ዕቃው መናገር የሚያስከስስበት እንግዳ ሁኔታ ተፈጠረና እስከ 1938 ቆየ።

ይህን ሕግ ያለማቋረጥ ከተጋፈጡት ሰዎች መካከል ከኤሊሴ ኦተሰን-የንሰን የሚስተካከል የለም። በ1886 በኖርዌይ ከአንድ ቄስ ቤት ከ18 ልጆች 17ኛ ሆነው የተወለዱት እኚህ ሴት፣ ታናሽ እኅታቸው ሳታገባ በማርገዟ ከቤት ርቃ እንድትወልድና ከልጇ እንድትለይ መደረጉ ዕድሜ ልካቸውን ከልባቸው አልወጣም። ወደ ስዊድን ከተሻገሩ በኋላ እስከ ሰሜኑ ጫፍ ድረስ እየተጓዙ ለሠራተኞችና ለገበሬ ሚስቶች ንግግር ያደርጉ፣ ሕጉ የከለከለውንም ያስተምሩ ነበር። በ1933 ከሐኪሞችና ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ሆነው የመሠረቱት ብሔራዊ የሥነ ወሲብ ትምህርት ማኅበር፣ ትምህርቱ በትምህርት ቤት ሁሉ እንዲሰጥ መጠየቅን ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ አደረገ። ኦተሰን-የንሰን በ1952 በቦምቤይ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የቤተሰብ ዕቅድ ፌዴሬሽን ምሥረታም ተሳትፈው፣ ኋላ ሁለተኛ ፕሬዚዳንቱ ሆነዋል፤ በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም የዚሁ ፌዴሬሽን አባል ነው።

የመንግሥትን ሐሳብ ያስለወጠው ግን የእርሳቸው ስብከት ብቻ አልነበረም። አልቫና ጉናር ሚርዳል የተባሉት ባልና ሚስት ምሁራን በ1934 ባሳተሙት መጽሐፍ የወሊድ መጠን እጅግ ማነሱ አገሪቱን እንደሚያሠጋ፣ መፍትሔው ግን ዕውቀትን መከልከል ሳይሆን ልጆች ተፈልገው እንዲወለዱና ወላጆች እንዲደገፉ ማድረግ መሆኑን ተከራከሩ። በ1935 የተቋቋመው የሕዝብ ቁጥር ኮሚሽንም የትምህርቱን አስፈላጊነት ደገፈ። በዚሁ ዘመን፣ ስለ ሕዝብ «ጥራት» ከሚያስብ ተመሳሳይ አመለካከት፣ «ብቁ አይደሉም» የተባሉ ሰዎችን የማምከን ሕግ በ1934 መውጣቱ ሊዘነጋ አይገባም፤ የአገሪቱን ተራማጅነት ብቻ የሚተርክ ታሪክ ይህን ገጽ ያልፈዋል።

ትምህርቱ በ1942 በመንግሥት ተመከረ፤ በ1945 የመምህራን መምሪያ ወጣለት፤ በ1955 ግዴታ ሆነ፤ በ1956 ደግሞ ሰፊ መምሪያ ታተመለት። «መቼ ይጀመር?» ለሚለው ጥያቄ የመምሪያው መልስ ግልጽ ነበር፤ ልጁ በ7 ዓመቱ ትምህርት ቤት ሲገባ ሕፃን ከየት እንደሚመጣ ይነገረዋል፣ ዕድሜው ሲጨምርም ዝርዝሩ ይጨምራል። «እንዴት?» የሚለው ግን አላለቀም። መምሪያው በጉርምስና ዘመን ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብን ትምህርት ቤት ሊመክረው የሚገባ ብቸኛ መንገድ አድርጎ ስላቀረበ፣ ወጣቶችና ተራማጆች ግብዝነት ነው ሲሉ ተቃወሙት። በአንጻሩ በ1964 140 ሐኪሞች ለመንግሥት ባቀረቡት ጽሑፍ የወጣቱ ምግባር እየላላ ነውና ትምህርቱ ይበልጥ ይጥበቅ አሉ። በዚያው ዓመት የተሰየመው ኮሚሽን አሥር ዓመት ከሠራ በኋላ፣ በ1977 የወጣው አዲስ መምሪያ የመታቀብን ትእዛዝ ትቶ «አብሮ የመኖር ትምህርት» የሚል ትርጉም ባለው ስም ተጠራ። ትምህርቱ የአካልን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ፍቅርን፣ ኃላፊነትንና መከባበርን እንዲያካትት የታሰበውም በዚህ ስም ነው።

ወላጅ ልጁን ከዚህ ትምህርት የማስቀረት መብት አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ለፍርድ የቀረበው ትምህርቱን በ1970 ግዴታ ባደረገችው በጎረቤት አገር በዴንማርክ ነው። ከእምነታችን ጋር ይጋጫል ያሉ ክርስቲያን ወላጆች ጉዳዩን እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሱት። ፍርድ ቤቱም በታኅሣሥ 1976 በሰጠው ፍርድ፣ መንግሥት ዕውቀትን ሚዛናዊና ተጨባጭ በሆነ መንገድ እስካስተላለፈ፣ አንድን አቋምም እስካልሰበከ ድረስ የወላጅን እምነት አልጣሰም አለ፤ ወላጆቹ ልጆቻቸውን በግል ትምህርት ቤት ወይም በቤታቸው ማስተማር እንደሚችሉም ጠቅሶ፣ ክሳቸውን በ6 ድምፅ ለ1 ውድቅ አደረገ።