የባኩ ዘይት አውጪዎች ኑሮና ሥራ፤ ከ1872 እስከ 1905

ስለ ባኩ ነዳጅ ዘይት የሚናገር መጽሐፍ ሲከፈት አስቀድመው የሚገኙት የባለጸጎቹ ስሞች ናቸው። ስዊድናውያኑ የኖቤል ወንድማማቾች፥ የፓሪሶቹ ሮትሽልዶች፥ ከግንበኝነት ተነሥቶ ባለሚሊዮን የሆነው ሐጂ ዘይነልአብዲን ታጊየቭ በየገጹ ይወሳሉ። ዘይቱን ከምድር ያወጣው ሰው ግን፥ ስሙ ይቅርና፥ ሥራው ምን ይመስል እንደ ነበር እንኳ በጥቂት መስመር ይታለፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህንኑ ሰው ነው። ምርመራውንም የጀመርነው አንድ ነገር ስላስቸገረን ነው። በዲሴምበር 1904 የባኩ ዘይት ሠራተኞች በአንድነት ሥራ አቁመው፥ በሩሲያ ግዛት ከዚያ በፊት ያልታየ የጽሑፍ ውል ከባለንብረቶቹ ተቀበሉ። ከዚያም ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፥ በፌብሩዋሪ 1905፥ በዚያችው ከተማ አርመንና ሙስሊም ይገዳደል ጀመር። በዲሴምበር አብረው የቆሙትን ሰዎች በፌብሩዋሪ ምን ለያቸው? (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ቀንና ወሩን ግን ሩሲያ በዚያ ዘመን ትሠራበት በነበረው በአሮጌው አቆጣጠር እንሰጣለን።)

ባኩ፥ የዛሬይቱ አዘርባጃን ዋና ከተማ፥ አፕሼሮን በተባለው ወደ ካስፒያን ባሕር በገባው ልሳነ ምድር ላይ ትገኛለች። ነፋስ የማይለያት፥ ዛፍም ጣፋጭ ውሃም ያነሳት ስፍራ ናት። ዘይቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበር። ባላኻኒ በምትባል መንደር፥ 35 ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ 1594 የሚል ዘመን ያለበት ድንጋይ ተገኝቶአል፤ በድንጋዩም ላይ የባለሙያው ስም ተቀርጾአል። (ከእርሱ በኋላ ከመጡት ቆፋሪዎች ብዙዎቹ ይህን ያህል እንኳ ዕድል አላገኙም።) የጥንቱ ሥራ ቀላል ነበር ለማለት አንደፍርም። ሰው በገመድ ታስሮ ይወርዳል፤ ከታች የሚያፍን ጋዝ ይጠብቀዋል፤ ዘይቱም በአቆማዳ እየተቀዳ በሰው ጉልበት ወይም በፈረስ ይሳባል። ነገር ግን ሥራው የመንደር ሥራ ነበርና ቆፋሪው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ማታ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ይህን ሁሉ የለወጠው ሐራጅ ነው። እስከ 1872 ድረስ የሩሲያ መንግሥት የዘይቱን ምድር ለአንድ ሰው ለጥቂት ዓመታት በኮንትራት ይሰጥ ነበር። ተኮናታሪውም ጊዜው ሲያልቅ መሬቱ እንደሚነጠቅ ያውቃልና ገንዘቡን በጥልቅ ጉድጓድ ላይ ማፍሰስ አይፈልግም። በ1872 ይህ ልማድ ተሽሮ በዓመቱ መጨረሻ ምድሩ ተከፋፍሎ በሐራጅ ተሸጠ። መንግሥት ግማሽ ሚሊዮን ሩብል ያህል የገመተው ንብረት ወደ 3 ሚሊዮን ሩብል አወጣ። ከዚህም ሽያጭ ለአገሬው ሙስሊሞች የደረሳቸው እጅግ ጥቂት ነው። አባቶቻቸው የኖሩበት መሬት የሌላ ሰው ከሆነ በኋላ፥ ለብዙዎቹ የቀረላቸው በዚያው መሬት ላይ በቀን ዋጋ መሥራት ነበር። ሐራጁ ሌላም መዘዝ አመጣ። ዘይት ከመሬት በታች ድንበር አያውቅም፤ ጎረቤት ቀድሞ ከቆፈረ የእኔን ይወስደዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለቤት በጠባብ ቁራሽ መሬቱ ላይ የቻለውን ያህል የእንጨት ማማ እያቆመ ሌት ተቀን ይቆፍር ጀመር። ማማዎቹም እርስ በርሳቸው ሊነካኩ ደረሱ፤ አንዱ ሲቃጠል ሌላው የማይቃጠልበት ምክንያት አልነበረም።

ሮበርት ኖቤል በ1873 ወደ ባኩ የመጣው ለጠመንጃ ሰደፍ የሚሆን የዋልነት እንጨት ፍለጋ እንደ ነበረ ይነገራል። ለእንጨት የተሰጠውን ገንዘብ በዘይት ማጣሪያ ላይ አዋለውና ከወንድሞቹ ጋር በ1879 ታላቁን ኩባንያ አቆመ። እኛን የሚመለከተን ግን ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ የሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ ዘይቱ ከባላኻኒ ወደ ማጣሪያዎቹ የሚሄደው በበርሜል ተሞልቶ በባለ ሁለት መንኮራኩር ጋሪዎች ነበር፤ ጋሪ ነጂዎቹና በርሜል ሠሪዎቹ በሺሕ የሚቆጠሩ ናቸው። በ1878 ኖቤሎች 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የብረት ቱቦ ዘረጉ። ጋሪ ነጂዎቹ እንጀራቸው እንደ ተቆረጠ ወዲያው ስለ ገባቸው በሌሊት ቱቦውን ይሰብሩ ጀመር፤ ኩባንያውም በመስመሩ ላይ የዘበኛ ጎጆ ሠርቶ አስጠበቀ። ቱቦው አሸነፈ። ይህን ጠብ አንዳንድ ጸሐፊዎች የድንቁርና ሥራ አድርገው ይነግሩታል፤ እኛ ግን ጋሪ ነጂው ከቱቦው ምን ድርሻ ሊያገኝ እንደሚችል የነገረው ሰው ስለ መኖሩ ምንም ምልክት አናይም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ዘይት ከተገኘ አንዳንድ ጊዜ ራሱ እየፈነዳ እንደ ምንጭ ወደ ሰማይ ይወጣል። በ1883 በባላኻኒ የፈነዳው ድሩዥባ የተባለው ጉድጓድ በእነዚያ ቀኖች አገሩን በጎበኘው በእንግሊዛዊው ቻርልስ ማርቪን ዘንድ በሰፊው ተጽፎአል። «ድሩዥባ» በሩሲያ ቋንቋ ወዳጅነት ማለት ነው፤ ዘይቱ ግን የጎረቤቶቹን ቤትና ማማ ስላጥለቀለቀ ባለቤቶቹ ካሣ ሲከፍሉ ከሰሩ። እንዲህ ያለው ፍንዳታ የጸሐፊዎችን ዓይን ስለሚስብ ብዙ ተብሎለታል። በእውነቱ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ ይበልጡ የነበሩት ራሳቸው የማይፈነዱት ጉድጓዶች ናቸው። ከእነዚህም ዘይቱን መቅዳት ያስፈልግ ነበር።

የባኩ ምድር ልቅ አሸዋ ነው፤ ከዘይቱ ጋር የሚወጣው አሸዋም ፓምፕ ይዘጋል። ስለዚህ ከታች በኩል ክዳን ያለው፥ ከሰው ቁመት ብዙ እጥፍ የሚረዝም ቀጭን የብረት ባልዲ በሽቦ ገመድ ታስሮ ይወርዳል፤ ሲሞላም በእንፋሎት ኃይል በሚዞር መዘውር ይሳባል። ይህን የሚቆጣጠረው ሰው በሩሲያ ቋንቋ ታርታልሽቺክ ይባላል። እርሱም በማማው ሥር፥ በመዘውሩ ልጓም አጠገብ ቆሞ ገመዱን ሲያወርድና ሲያወጣ ይውላል። ባልዲው ሲወርድ ቢፈጥንበት ከጉድጓዱ ይቀረቀራል፤ ሲወጣም ልጓሙን ለመያዝ ጥቂት ቢዘገይ ከማማው ጫፍ ጋር ተላትሞ ገመዱ ይበጠሳል፥ ብረቱም ወደ ታች ይመጣል። ይህ ሥራ 12 ሰዓት የሚፈጅ ነበር። ጉልበት ብቻ ቢሆን ሰው ጥቂት እየሳበ ጥቂት ያርፋል፤ ይህ ግን ዓይንን ከገመድ ላይ ሳያነሡ መቆም ነው። ልብሱ በዘይት እንደ ራሰ ነው፤ ብረት ከብረት ተፋጭቶ ብልጭታ ቢወጣ እሳቱ ከማማው ቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው።

ማጣሪያዎቹ በከተማው ምሥራቅ ተሰብስበው ስለ ነበሩ ሰፈሩ ከጭሱ የተነሣ «ጥቁር ከተማ» ተባለ። ሠራተኛው የሚያድረው በየዘይት ሜዳው በተሠሩ ረዣዥም የጋራ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹም ወለላቸው አፈር፥ አየራቸውም የዘይት ሽታ ነበር። ኖቤሎች ለሹማምንቶቻቸውና ለባለሙያዎቻቸው ቪላ ፔትሮሊያ የተባለ ባለአትክልት ሰፈር ሠሩ፤ ለአትክልቱ የሚሆን ለም አፈር ከሌላ አገር በመርከብ ተጫነ፥ ጣፋጭ ውሃም ዘይት አራግፈው ከቮልጋ በሚመለሱት መርከቦች ይመጣ ነበር። ይህን ስናነብ ኩባንያውን ማመስገን አይከብደንም፤ ሌሎቹ ይህን እንኳ አላደረጉምና። ነገር ግን ከዚያ አጥር ውጭ የነበረው ሰው የሚጠጣው የጉድጓድ ጨዋማ ውሃ ነበር። በ1892 ኮሌራ ሲገባ ሕዝቡ ከተማውን ጥሎ ሸሸ። ከሾላር ምንጮች ጣፋጭ ውሃ በቧንቧ ወደ ባኩ የገባው በ1917 ነው፤ የዓለምን መብራት ላምባ ስትመግብ የኖረች ከተማ ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ይህን ያህል ዘገየች ማለት ነው።

አሁን ለጥያቄያችን ዋና ወደ ሆነው እንመለስ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ 14 ሺሕ ያህል ሕዝብ የነበረባት ባኩ በ1897 ቆጠራ 112 ሺሕ ያህል ሆናለች። ሰው ከየት መጣ? ሩሲያውያን ከሰሜን፥ አርመኖች ከካውካሰስ ተራሮችና ከየከተማው፥ ሌዝጊኖች ከዳጌስታን፥ ሙስሊሞች ከአካባቢው መንደሮች መጡ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስገርመው በየዓመቱ ከኢራን አዘርባጃን የአራስን ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣው በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ድሃ ነው። እነዚህን የባኩ ሰዎች «ሐምሻህሪ» ይሏቸዋል፤ የአገር ልጅ ማለት ነው፤ አጠራሩ ግን ፍቅር እንዳልነበረበት እንረዳለን። ሐምሻህሪው ሚስቱንና ልጆቹን በመንደሩ ትቶ፥ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ ሊመለስ የመጣ ነው። ስለዚህ የተሰጠውን ዋጋ ይቀበላል።

ሥራውም እንደ ዘሩ ተከፋፍሎ ነበር። በመካኒክ ቤት፥ በእንፋሎት ሞተር፥ በማጣሪያ ላይ ያለው ባለሙያ በብዛት ሩሲያዊ ወይም አርመን ነው፤ መሐንዲሱም ሩሲያዊ፥ አርመን ወይም የውጭ አገር ሰው። ጉድጓድ የሚቆፍረው፥ ዘይት የሚቀዳው፥ ጭቃ የሚጠርገው በብዛት ሙስሊም ነው። ቋንቋቸው ልዩ ነው፥ ማደሪያቸው ልዩ ነው፥ ደመወዛቸውም ልዩ ነው። ባለንብረቶቹ ለዘይት ሜዳ ሠራተኛ ከደመወዝ ጭማሪ ይልቅ «በሽኬሽ» የተባለ ጉርሻ መስጠት ይመርጡ ነበር። ቃሉ የፋርስ ነው፤ ለታላቅ ሰው የሚቀርብ ገጸ በረከት ማለት ሲሆን ባኩ ላይ ግን ተገልብጦ ጌታው ለሠራተኛው የሚጥልለት ሆነ። ጉርሻ ሲፈልጉ የሚሰጡት፥ ሲያሻቸው የሚከለክሉት ነው። የመካኒክ ቤቱ ሰው በሕግ የተጻፈ ደመወዝ ሲጠይቅ የሜዳው ሰው ጉርሻው እንዳይቀርበት ይፈራ ነበር። በ1907ና በ1908 በባኩ ሠራተኞች መካከል ይሠራ የነበረው ስታሊን ይህን የጉርሻ ልማድ አጥብቆ ነቅፎአል።

እንግዲህ በዲሴምበር 1904 ይህ ሁሉ ሰው አብሮ ሥራ ማቆሙ ቀላል ነገር አይደለም። አድማው ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ በ30 ዲሴምበር ውል ተፈረመ፤ የሥራው ቀን ወደ 9 ሰዓት ዝቅ አለ፥ ደመወዝም ከተወሰነ መጠን እንዳያንስ ተደረገ። ሠራተኞቹ ይህን ውል «የማዙት ሕገ መንግሥት» አሉት፤ ማዙት ላምባው ከተጣራ በኋላ የሚቀረው ጥቁር አተላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ ሕገ መንግሥት ባልሰጡበት ዘመን ለዘይት ቀጂዎች አንድ ተገኘላቸው ብለው መቀለዳቸው ይመስለናል።

የፌብሩዋሪው ደም የፈሰሰው በ6ኛው ቀን ጀምሮ ነው። ፖሊስና ወታደር ለቀናት ቆመው ማየታቸውን ብዙዎች መስክረዋል፤ በዚህም የተከሰሱት የባኩ ገዥ ልዑል ናካሺድዜ በሜይ 1905 በአርመኖች ቦምብ ተገደሉ። አንዳንዶች ጠቡን በሙሉ የመንግሥት ተንኰል ያደርጉታል፤ ሌሎች ደግሞ የጥንት ጥላቻ ነው ብለው ያልፉታል። ሁለቱም አያረኩንም። የመንግሥት ዝምታ ጠቡ ለምን እንደ ረዘመ ያስረዳል እንጂ ለምን እንደ ተነሣ አያስረዳም። የጥንት ጥላቻ ከሆነ ደግሞ በዲሴምበር የት ነበረ? በይበልጥ ልብ ልንለው የሚገባው፥ የፌብሩዋሪው ግድያ ከሁሉ የበረታው በከተማው ውስጥ፥ በሱቅና በመኖሪያ ሰፈር መሆኑ ነው። ወደ ዘይት ሜዳዎቹ በሙሉ ኃይሉ የገባው በኦገስት ነው። ስለዚህ በሥራ የተገኘው አንድነት ለጥቂት ወራት ያህል ጠቡን እንደ ያዘው እንገምታለን። አንድነቱ ግን ሠራተኞቹ የሚቆሙለት የሥራ ሰዓት ብቻ ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ የሚመለሰው ወደየራሱ ማደሪያ፥ ወደየራሱ ቋንቋ ነው፤ ክፉ ወሬ ሲመጣ የሚሰማውም እዚያው ነው። ውሉ የሰዓትን ቁጥር ለወጠ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር፥ ማን መካኒክ ማንስ ቀጂ እንደሚሆን ግን አልነካም።

በኦገስት መጨረሻ ባላኻኒና ቢቢ ኸይበት ተቃጠሉ። በዚያው ዓመት በካውካሰስ የተጓዘው ኢጣሊያዊ ሉዊጂ ቪላሪ ስለዚህ እሳት በሰፊው ጽፎአል። ከማማዎቹ ግማሽ የሚበልጡት ወደሙ። በ1901 የሩሲያ ግዛት የዓለምን ነዳጅ ዘይት ከግማሽ በላይ ሲሰጥ ከሞላ ጐደል ሁሉም የወጣው ከባኩ ነበር፤ ከእሳቱ በኋላ ግን ባኩ ያን መጠን እንደገና ያየችው ከ25 ዓመት በኋላ በሶቪየት ዘመን ነው። ከሐምሻህሪዎቹ ብዙዎች ወደ ኢራን ተመለሱ። በ1906 በዚያ አገር ሕገ መንግሥት ሲጠየቅ፥ በተለይም በታብሪዝ፥ አድማንና ማኅበርን በባኩ ያዩ ሰዎች ከጠያቂዎቹ መካከል ነበሩ። ታርታልሽቺኩ ደግሞ ከመዘውሩ ልጓም አጠገብ አልተነሣም፤ አሸዋ የሚችል ጥልቅ ፓምፕ በ1920ዎቹ ተተክሎ ሙያው ከባኩ እስኪጠፋ ድረስ ገመዱን ሲያወርድና ሲያወጣ ኖረ።