ካርታ፣ ካርድና ሻሕ

(«ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«ካርታ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሦስት ሸክም አለበት። አገር የሚሣልበትም ካርታ ነው፤ የቦታ ይዞታ የሚረጋገጥበትም ካርታ ነው፤ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ተዘርግቶ የምንጫወተውም ካርታ ነው። ጅግጅጋ ሦስቱንም ታውቃቸዋለች። ስለ መጀመሪያው ስንትና ስንት መጽሐፍ ተጽፏል፤ ጦርነትም ተደርጎበታል። ስለ ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። ሦስተኛውን ግን «ጨዋታ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

እኔ እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ። ሰሞኑን በግቢያችን አንዳንድ ልጆች በስልካቸው የፖኬሞንና የማጂክ ካርድ መጫወት ጀምረዋል፤ «ለምን ውድድር አናዘጋጅም?» የሚል ወሬም ተነስቷል። ወሬው ደስ ይላል። ታዲያ ወዲያው አንድ ጥያቄ ተከተለ፦ «ለመግባት ስንት ብር ይፈጃል?» ጥያቄው ተራ ይመስላል እንጂ ተራ አይደለም። አንድ ሰው ወደ ጨዋታ ሲገባ ምን ይዞ መምጣት አለበት? ገንዘብ? ንብረት? ወይስ ጭንቅላቱን ብቻ? የጨዋታ ታሪክ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ሲታይ ብዙ ነገር ይነግረናል።

ሀ. ካርታ ከየት መጣ?

ካርታ ከአውሮፓ የመጣ የሚመስለን ብዙ ነን። አውሮፓ ራሷ ግን ከምሥራቅ ነው የተቀበለችው። የወረቀት ካርታ መነሻ ቻይና እንደሆነ የታሪክ ሰዎች ይስማማሉ። ወደ አውሮፓ የገባው ደግሞ በማምሉኮች ግብፅ በኩል ነው። በኢስታንቡል የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተገኘው የማምሉክ ካርታ 52 ቅጠል የነበረው ሲሆን፣ አራቱ ምድቦች ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና የፈረስ ጉግስ ዱላ ነበሩ። ባለ ሥልጣኖቹም ንጉሥ፣ የንጉሥ ምክትልና ሁለተኛ ምክትል ይባሉ ነበር። በ1377 ፍሎሬንስ ውስጥ ካርታን የሚከለክል ደንብ ወጣ። እንግዲህ ካርታ አውሮፓ ገና ሲደርስ ክልከላውም አብሮ ደርሷል ማለት ነው። ቁማር ያለበት ቦታ ሁሉ ይህ አይቀርም።

እኛ ዘንድ ስሙን ስናየው የጣሊያንኛውን ካርታ ይመስላል። ሶማሊዎቹ ወንድሞቻችን ደግሞ «ቱሩብ» ይሉታል። ዶርም ውስጥ ባንደኛው አልጋ ኮንከር ሲሞቅ በሌላው አልጋ ቱሩብ ይሞቃል። ቅጠሉ ያው 52 ነው፤ ሕጉና የሚጮህበት ቋንቋ ይለያያል። ብዙ ጊዜ ግን አንዱ አልጋ የሌላውን ጨዋታ ሳያውቅ ዓመት ያልፋል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የካርታ መልካም ጠባዩ አንድ ነው። እሽጉ የማንም ቢሆን፣ ከተበወዘ በኋላ የሁሉም ነው። የሀብታም ልጅ ከድሀ ልጅ የተሻለ አስ አይደርሰውም። ገንዘብ የሚገባው ማስያዣ ሲጠየቅ ነው እንጂ ቅጠሉ ራሱ አድልዎ አያውቅም።

ለ. የሚሰበሰበው ካርድ

ይህን እኩልነት ያፈረሰው የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። መሠረቱ ግን ቀደም ብሎ ተጥሏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የአሜሪካ የሲጋራ ፋብሪካዎች ፓኮው እንዳይጨማደድ የሚያስገቡትን ወፍራም ወረቀት ሥዕል ያትሙበት ጀመር። ሰውም ሥዕሉን መሰብሰብ ያዘ። ቀጥሎ ማስቲካው መጣ፤ በ1961 ደግሞ የሞዴናው ፓኒኒ የኳስ ተጫዋቾች ምስል ማሳተም ጀመረ። እነዚህ ሁሉ የሚሰበሰቡ እንጂ ሕግ ያለው ጨዋታ የሚጫወቱባቸው አልነበሩም።

በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ሁለቱን አጋባቸው። «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለውን ጨዋታ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ አሳተመለት። በመጀመሪያው እትም 295 ዓይነት ካርድ ነበረበት፤ የታተመው በጠቅላላው 2.6 ሚሊዮን ቅጠል ነው። አዲሱ ነገር ምን ነበር? ተጫዋቹ የራሱን ካርድ ገዝቶ፣ ከገዛው መርጦ፣ የራሱን እሽግ አዘጋጅቶ ይመጣል። ካርዱ የሚሸጠው ደግሞ ተሸፍኖ ነው። በቀድሞው የተለመደ ባለ 15 ቅጠል እሽግ ውስጥ 11 ተራ፣ 3 መካከለኛና 1 ብርቅ ካርድ ይገኝ ነበር። የትኛው ብርቅ እንደሚወጣ ገዥው አያውቅም። ሎተሪ ነው በሉት።

በ1996 ጃፓን የፖኬሞንን ካርድ አወጣች፤ በ1999 ዩ-ጊ-ኦ ተከተለ። በዚያው በ1999 ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች፣ ሕፃናቱ እየተጣሉና እየተሸዋወዱ ስላስቸገሩ፣ የፖኬሞን ካርድን ከግቢያቸው ከለከሉ። ፍሎሬንስን ያስታውሷል!

የሚገርመው ማጂክ ሲጀመር የማስያዣ ሕግም ነበረው። ሁለቱ ተጫዋቾች ከየእሽጋቸው አንድ አንድ ካርድ በዕጣ ያስይዛሉ፤ ያሸነፈ ሁለቱንም ይወስዳል። ይኸ እኮ ብይ ነው! ኮርኪ ነው! እኛም ሰፈር ውስጥ የተሸነፈ ብዩን «ተበላሁ» ብሎ እያለቀሰ ቤቱ ይገባል። ነገር ግን ካርዱ ዋጋ እያወጣ ሲሄድ ማንም ማስያዝ አልፈለገም፤ ሕጉም ቀረ። ብዩን የሚሳሳለት ሕፃን ብይ መጫወት ያቆማል፤ ካርዱም እንደዚሁ ሆነ። ከጨዋታ ዕቃነት ወጥቶ ንብረት ሆነ። በ2024 ብላክ ሎተስ የምትባል የመጀመሪያው እትም ካርድ በ3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። የዓለሙ የካርታ ቃል እንደ አማርኛው ቢሆን ኖሮ፣ የመጫወቻው ካርታ የይዞታ ካርታ ሆነ እንል ነበር።

ታዲያ ጨዋታው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ጉድለቱን አይተው መድኃኒት ፈልገዋል፤ ከታሪኩ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመውም ይኸኛው ክፍል ነው። አንደኛ፣ በተለመደው ውድድር እሽጉ ቢያንስ 60 ቅጠል እንዲሆን፣ ከአንድ ዓይነት ካርድም ከ4 በላይ እንዳይገባ ተደነገገ፤ ባለ ገንዘቡ የፈለገውን ሃያ ጊዜ መደርደር ቀረበት። ሁለተኛ፣ «ድራፍት» የሚባለውን አመጡ። ተጫዋቾች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ያልተከፈተ እሽግ ይከፍትና አንድ ካርድ ብቻ መርጦ የቀረውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል። እንዲህ ሦስት እሽግ ካለቀ በኋላ ሁሉም እዚያው ከመረጠው እሽጉን አዘጋጅቶ ይገጥማል። ከቤት ያመጣኸው ሀብት አይረዳህም። ሦስተኛ፣ «የስዊስ ስልት» የሚባለውን የውድድር አካሄድ ከቼዝ ወሰዱ። ይህ ስልት በ1895 ዙሪክ ላይ የተጀመረ ነው። የተሸነፈ አይባረርም፤ ያሸነፈ ካሸነፈ፣ የተሸነፈ ከተሸነፈ ጋር እየተገጣጠመ ሁሉም እስከ መጨረሻው ዙር ይጫወታል። 16 ሰው በ4 ዙር አንድ አሸናፊ ያወጣል፤ ማንም አንድ ጊዜ ተሸንፎ ቤቱ አይሄድም።

ሐ. ከካራማራ ሥር

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ካራማራ ሲባል መሐል አገር ያደገ ልጅ ወዲያው የሚመጣበት የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ ጅግጅጋ ከሶማሊያ ጦር የተመለሰችበት ቀን። እዚሁ ለተወለደው ጓደኛችን ግን ካራማራ ከሁሉ አስቀድሞ በስተምዕራብ ቀና ሲል የሚያየው ተራራ ነው። በ1893 ስዌይን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በዚህ ሲያልፍ ያየው በአጥር የታጠረ አንድ ምሽግ፣ 25 ወታደርና የውሃ ጉድጓዶች ነበር። ታሪካችን ምሽጉን ይዞ ቀጠለ። በ1892 ዓ.ም. የሰይድ መሐመድ ዐብዱላህ ሐሰን ደርቪሾች ምሽጉን ወጉት፤ ቀጥሎ ጣሊያን፣ ቀጥሎ እንግሊዝ፣ ቀጥሎ የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ጦርነት። ሁሉም እውነት ነው። ስለ ጉድጓዶቹስ ማን ጻፈ? ጉድጓድ ባለበት ሰውም ግመልም ተራ ይጠብቃል። ተራ መጠበቅ ባለበት ደግሞ ጨዋታ አይጠፋም።

የሶማሊ ሕዝብ ጨዋታ ሻሕ ነው። (በላቲን ሲጽፉት መጨረሻው ላይ ኤክስ ያደርጋሉ፤ በሶማሊኛ ኤክስ የምትነበበው እንደ ሐመሩ «ሐ» ስለሆነ «ሻክስ» ብሎ ማንበብ ስሕተት ነው።) መሬት ላይ በጣት ወይም በእንጨት ሦስት አራት ማዕዘን፣ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ ይሠመራል፤ የጎኖቹ መካከል በመስመር ይያያዛል። 24 ነጥብ ይወጣዋል። አንዱ 12 ጠጠር፣ ሌላው 12 ስንጥር ይዞ ተራ በተራ ይደረድራሉ። ሲደረድሩ መብላት የለም። 24ቱ ነጥብ ሲሞላ መንቀሳቀሻ ስለማይኖር፣ በድርደራው ጊዜ ሦስት ቀድሞ የገጠመ አስቀድሞ ከባላጋራው አንድ ያነሣል፤ ሌላውም አንድ ያነሣል። ከዚያ መንቀሳቀስ ነው። ሦስት በአንድ መስመር የገጠመ «ጃሬ» አደረገ ይባላል፤ ከባላጋራው አንድ ይበላል። ሁለት ብቻ የቀረው ተሸነፈ።

ከሕጎቹ ሁሉ እኔን ያስገረመኝ አንዱ ነው። ባላጋራህ ዙሪያውን ተዘግቶበት የሚንቀሳቀስበት ቢያጣ፣ አላሸነፍከውም። መንገድ ልትከፍትለት ግዴታ አለብህ። ይህን ሕግ ያወጣው ማን ነው? ማንም አይደለም፤ ሕዝብ ነው። መንገድ የተዘጋበት እንግዳ፣ ውሃ የተዘጋበት ከብት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ።

ሻሕ የብቻ ጨዋታ አይደለም። ሁለት ይጫወታሉ፣ አሥር ይከራከራሉ። ተመልካቹ ይመክራል፣ ይሳደባል፣ ይፈርዳል። ዳኛም ደብተርም አያስፈልገውም። ጨዋታው ሲያልቅ መስመሩን ነፋስ ይወስደዋል። በዚያው መሬት ላይ ሌላ መስመርም ተሠምሯል፤ እሱን ነፋስ አልወሰደውም። በ1889 ዓ.ም. ምኒልክና የእንግሊዙ መልክተኛ ሬኔል ሮድ የተፈራረሙት ውል በሃውድ ግጦሽ መሐል ሲያልፍ፣ አርብቶ አደሩ ድንበሩን ተሻግሮ እንዲያግጥ መፈቀድ ነበረበት። ድንበሩ ሰውን ለየ፤ ጨዋታውን ግን አልለየውም። ከቶጎ ውጫሌ ወዲህም ወዲያም ሻሕ ሻሕ ነው።

የደጋውም ሰው ባዶ እጁን አልነበረም። ገበጣው በጉድጓድና በጠጠር፣ ሰንጠረዡም በየመሳፍንቱ አዳራሽ ነበረ። በእኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ተራ የለም፤ አንድ ሰው እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል ይሯሯጣሉ። ይህን ሁሉ መዝግበው ያቆዩን ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው፤ በ1971 ስለ ገበጣም ስለ ሰንጠረዥም የታሪክ ጽሑፍ አወጡ። የሶማሊን ጨዋታዎች ደግሞ በ1931 ማሪን የተባለ ጸሐፊ በእንግሊዝ የአንትሮፖሎጂ መጽሔት ላይ ጽፎባቸዋል። ምስጋና ይግባቸው። ግን አስቡት፦ የጠቀስኳቸው ሁለቱም ከውጭ የመጡ ናቸው። ዩኒቨርሲቲያችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ ተራራ ሥር ቆሟል፤ የሻሕ አዋቂ ሽማግሌዎችም አጠገባችን አሉ።

መ. ምን ይደረግ?

የካርድ ውድድሩን ተዉት አልልም፤ ይዘጋጅ። ነገር ግን ማንም ከኪሱ አውጥቶ እሽግ ካልገዛ አይገባም የሚባል ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀን ባለ ገንዘብና ተመልካች ሆነን ተከፈልን ማለት ነው። መላ አለው። ካርድ ያለው ልጅ ያለውን ለሁሉም ያውጣ፤ ከእሱ ላይ ድራፍት ይደረግ፤ ከጨዋታው በኋላ ለባለቤቱ ይመለስ። ካርድ የሌለን ደግሞ ካርቶን ቆርጠን በእጃችን እንሣል። ሕጉ ሥዕሉን አይጠይቅም።

ከጎኑ ግን የሻሕ ውድድር ይኑር። 16 ሰው፣ 4 ዙር፣ በስዊስ ስልት። መስመሩ በጠመኔ ሲሚንቶ ላይ ይሠመር። የመጀመሪያው ዙር ደግሞ የሚያውቅ ከማያውቅ ጋር ይሁን፤ የቱሩቡ አልጋና የኮንከሩ አልጋ ይገናኙ። የሚያውቀው ያስተምር፣ የሚማረው ይሸነፍ፤ ችግር የለውም፣ በስዊስ ስልት የተሸነፈ አይባረርም። ተመልካቹም በፈለገው ቋንቋ ይጩህ። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ሽማግሌዎቹን እየጋበዙ የአጨዋወቱን ስም፣ የብልሃቱን ስም፣ በጨዋታው የሚባለውን ሁሉ ደብተር ላይ ያስፍሩ። እሱ ጥናት ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍም ይበቃል።

አብረው ያልተጫወቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን የሚያውቁት በጦርነት ታሪክ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ አራት ዓመት በአንድ ግቢ ውስጥ ውለን አድረን ያንን ብቻ ይዘን ብንመረቅ ያሳፍራል።

የመግቢያውን ዋጋ በሚመለከት፣ አሥራ ሁለት ጠጠር ይበቃል። ያነሰው ካለ ከካራማራ ሥር ሞልቷል።